ዳኛ የሌለበት ሙግት

አን ኮልተር የሚባሉት አሜሪካዊት የፖለቲካ ተንታኝ ስማቸው በተነሣ ቁጥር የሚሰጠው ፍርድ አንድ ዓይነት ነው። «ተሳዳቢ ናቸው። የሚናገሩትን ራሳቸውም አያምኑበትም፤ መጽሐፍ ለመሸጥ ነው። መልስ መስጠት በነፃ ማስታወቂያ መሥራት ስለሆነ ንቆ መተው ይሻላል።» ይህን የሚሉት ተቃዋሚዎቻቸው ብቻ አይደሉም። በጨዋነታቸው የሚኮሩ ወግ አጥባቂዎችም፣ በቨርጂኒያና በሜሪላንድ ቡና እየጠጡ የአሜሪካን ፖለቲካ የሚያነሡ የእኛ ሰዎችም ይሉታል። እኔ ይህ ፍርድ ከሥሩ የተሳሳተ ነው ብዬ እከራከራለሁ። ኮልተር ጠበቃ ናቸው። ካሜራ ፊት ከቀረቡበት ጊዜ ጀምሮ የሠሩት ሁሉ የጥብቅና ሥራ ነው። የቆሙለት ጉዳይ አላቸው፣ ማስረጃ ይደረድራሉ፣ ቃል ይመርጣሉ፣ የሚበጃቸውን አጉልተው የሚጎዳቸውን ያሳንሳሉ። የጎደላቸው ዳኛና ባላጋራ ነው፤ በአሜሪካ የሕዝብ ክርክር ላይ የደረሰው ጉዳትም ከስድባቸው ይልቅ ከዚህ ጉድለት የመጣ ነው።

የመናቅን ዋጋ ለማየት ወደ ሰኔ 2015 መመለስ ይበቃል (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ዶናልድ ትራምፕ ለፕሬዚዳንትነት እንደሚወዳደሩ ባስታወቁ በቀናት ውስጥ ኮልተር በቢል ማኸር የቴሌቪዥን ዝግጅት ላይ ቀረቡ። ከሪፐብሊካን ተወዳዳሪዎች መካከል የማሸነፍ ዕድሉ የሰፋው የማን እንደሆነ ሲጠየቁ ያለምንም ማመንታት ትራምፕ ናቸው አሉ። አዳራሹ በሳቅ ፈነዳ። ተመልካቹ የሳቀው ኮልተርንም ትራምፕንም አስቀድሞ ስለናቃቸው ነው፤ የመለሱትን መልስ የመዘነው አልነበረም። ኮልተር ግን በዚያው ዓመት ስለ ስደተኞች የጻፉትን መጽሐፍ አሳትመው ነበር። ክሳቸውን አዘጋጅተው ጨርሰዋል፤ ይዞላቸው የሚቆም ፖለቲከኛም አግኝተዋል።

የትምህርትና የሥራ ታሪካቸውን ላየ ሰው ይህ ሊያስገርም አይገባም። አባታቸው በኤፍቢአይ ያገለገሉ የሕግ ሰው ነበሩ። ኮልተር በ1984 ከኮርኔል ዩኒቨርሲቲ በታሪክ ተመረቁ፤ እዚያ እያሉ ኮርኔል ሪቪው የሚባለውን ወግ አጥባቂ የተማሪዎች ጋዜጣ ከመሠረቱት አንዷ ናቸው። በ1988 ከሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ሕግ ትምህርት ቤት ሲወጡ የትምህርት ቤቱ የሕግ መጽሔት አርታዒ ነበሩ፤ የወግ አጥባቂ የሕግ ሰዎች ስብስብ የሆነውን የፌዴራሊስት ማኅበር የዩኒቨርሲቲ ቅርንጫፍም መርተዋል። ከዚያ በስምንተኛው ወረዳ የፌዴራል ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት የዳኛ ፓስኮ ቦውማን ረዳት ሆኑ። ይህ ቦታ ጎበዝ ተመራቂዎች የሚሻሙበት ነው፤ የሁለቱን ወገን ክርክር አንብቦ ለዳኛው ማጠቃለያና ረቂቅ ማዘጋጀትን ይጠይቃል። ኒውዮርክ ውስጥ በግል የሕግ ድርጅት ሠሩ። ሪፐብሊካኖች በ1994ቱ ምርጫ ኮንግረሱን ሲይዙ ደግሞ ወደ ዋሽንግተን ሄደው በሴኔቱ የፍትሕ ኮሚቴ ውስጥ የሚሺጋኑ ሴናተር ስፔንሰር አብርሃም ባልደረባ ሆኑ። ድርሻቸው ወንጀልና ኢሚግሬሽን ነበር፤ በከባድ ወንጀል የተፈረደባቸው የውጭ ዜጎች ቶሎ ከአገር እንዲባረሩ የሚያደርግ ሕግ በማርቀቅ ረድተዋል። እንግዲህ ይህ የተራ ተሳዳቢ ታሪክ ነው?

ዘመኑም ጠበቃ የሚፈልግ ዘመን ነበር። የኦ.ጄ. ሲምፕሰን የግድያ ችሎት በጥቅምት 1995 ሲያበቃ፣ ሕግ የሚያውቅና ምላሱ የሰላ ሰው ተመልካች እንደሚይዝ የቴሌቪዥን ጣቢያዎች ተረድተው ነበር። በ1996 ሐምሌ ላይ ኤምኤስኤንቢሲ፣ ጥቅምት ላይ ፎክስ ኒውስ ሥራ ጀመሩ፤ ሃያ አራት ሰዓት የሚሞላ ወሬ ያስፈልጋቸው ነበር። አወዛጋቢ ጉዳይ ሲቀርብ ተቃራኒው ሐሳብም እንዲሰማ የሬዲዮና የቴሌቪዥን ጣቢያዎችን ያስገድድ የነበረው ደንብ በ1987 ተሽሯል። ደንቡ የኬብል ጣቢያዎችን የሚመለከት ባይሆንም መሻሩ የዘመኑን አካሄድ ያሳያል። ወግ አጥባቂዎቹ ላውራ ኢንግራሃምና ኬሊያን ኮንዌይም የሕግ ዲግሪያቸውን ይዘው በዚያው በር ገቡ። ኮልተር በኤምኤስኤንቢሲ የሕግ ጉዳዮች ተንታኝ ሆነው ተቀጠሩ። በ1997 አካል ጉዳተኛ በሆነ የቬትናም ዘማች ላይ በተናገሩት ቃል ግን ተባረሩ። መባረሩ አልጎዳቸውም። ከዚያ በኋላ የሚያስፈልጋቸው አንድ ትልቅ ክስ ነበር፤ እሱም መጣ።

እዚህ ላይ ረጋ ብዬ ማየት እፈልጋለሁ፤ ምክንያቱም ጠበቃዋ ወደ ፖለቲካ ተሟጋችነት የተሻገሩበት ቦታ እዚህ ነው። ፖላ ጆንስ የምትባል የአርካንሳስ መንግሥት ሠራተኛ የነበረች ሴት፣ ቢል ክሊንተን የክፍለ ግዛቱ አስተዳዳሪ ሳሉ ጾታዊ ትንኮሳ አድርሰውብኛል ብላ በ1994 ከሰሰቻቸው። የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ዘጠኙም ዳኞች በግንቦት 1997 በአንድ ድምፅ፣ ፕሬዚዳንትነት ከእንዲህ ዓይነቱ ክስ እንደማያድን ወሰኑ። በዚያው ክረምት ጉዳዩን በ700,000 ዶላር በስምምነት የመጨረስ ሐሳብ ቀረበ። ሁለቱ ጠበቆቿ ተቀበይ አሏት። እምቢ አለች፤ ጠበቆቹም ለቀቁ። ከበስተጀርባ ደግሞ ስማቸው በመዝገቡ ላይ የሌለ፣ ያለ ክፍያ ክርክር እየጻፉ የሚያቀብሉ ጥቂት ወግ አጥባቂ የሕግ ሰዎች ነበሩ። ኮልተር ከእነሱ ጋር ይሠሩ ነበር።

በኋላ ለኒውስዊኩ ጋዜጠኛ ማይክል አይዚኮፍ የተናገሩትን እሱ በ1999 ባሳተመው መጽሐፍ ላይ አወጣው። ፍርሃታቸው ጆንስ እንዳትታረቅ ነበር፤ ብትታረቅ ፕሬዚዳንቱን ከሥልጣን የመጣሉ ዓላማ ይከሽፋል። ስለዚህ ስምምነቱን ያበላሻል ያሉትን፣ ስለ ክሊንተን ገላ የተባለ አንድ አሳፋሪ ዝርዝር ሆን ብለው አሾልከው አወጡ። ይህን የተናገሩት ራሳቸው ናቸው፤ ጠላት ያወራባቸው አይደለም።

የአሜሪካ ጠበቆች ሥነ ምግባር ደንብ ግልጽ ነው፤ ጉዳይን በስምምነት የመጨረስ ወይም ያለመጨረስ ውሳኔ የደንበኛው ነው። ኮልተር በመዝገቡ ላይ የተመዘገቡ ጠበቃ ስላልነበሩ ደንቡ በቀጥታ ይይዛቸው ነበር አልልም። የምለው፣ በዚያ ጉዳይ ውስጥ የሴትዮዋ ጥቅምና የፖለቲካው ዓላማ ሲጋጩ ሴትዮዋ ወደ ጎን ተገፋች ነው። ጆንስ በኅዳር 1998 በ850,000 ዶላር ታረቀች፤ ይቅርታም አልተጠየቀችም፤ ከገንዘቡ ብዙው ለጠበቆች ሄደ። በ2000 ቸግሯት ለአንድ የወንዶች መጽሔት እርቃኗን ፎቶ ስትነሣ ኮልተር በአምዳቸው አጭበርባሪ ብለው አዋረዷት። ጆንስ ለኮልተር መንገድ ነበረች፤ ደንበኛቸው የነበረው ዓላማው ነው። እኔን የሚያስቆጣኝ ይሄ ነው። ስለ ስድቡ ሠላሳ ዓመት የተወራውን ያህል ስለዚች ሴት ቢወራ ኖሮ የአሜሪካ ሕዝብ የፖለቲካ ጠበቃ ምን እንደሆነ ቀድሞ በተረዳ ነበር።

በ1998 የክሊንተንን ከሥልጣን መነሣት የሚጠይቀው የመጀመሪያ መጽሐፋቸው ወጣ፤ የክስ ማመልከቻ ተደርጎ የተጻፈ መጽሐፍ ነው። ከዚያ ወዲያ መጽሐፍ በመጽሐፍ ላይ ተከታተለ፤ በ2003 የወጣው አንዱ ኮሙኒስት በማሳደድ ለሚታወቁት ሴናተር ጆሴፍ ማካርቲ ጭምር ጥብቅና የቆመ ነው። ብዙዎቹ በከፍተኛ ቁጥር ተሸጡ። ስለ ሁሉም አላወራም፤ አንድ ገጽ ላይ ብቻ ልቁም።

በ2002 የወጣው «ስላንደር» የተባለው መጽሐፋቸው ግራ ዘመሙ ፕሬስ ተራውን አሜሪካዊ ይንቃል የሚል ክስ ነው። በመቶዎች የሚቆጠሩ የግርጌ ማስታወሻዎች አሉት፤ አንባቢ ያንን ሲያይ በማስረጃ የተሞላ መዝገብ የያዘ ይመስለዋል። በመጨረሻው ገጽ አካባቢ እንደ ማሳረጊያ የቀረበው ማስረጃ የመኪና ተወዳዳሪው ዴል ኧርንሃርት ሞት ነበር። ኧርንሃርት በየካቲት 18 ቀን 2001 በዴይቶና ውድድር ላይ ተጋጭቶ ሞተ፤ ሚሊዮኖች አለቀሱለት። ኒውዮርክ ታይምስ ግን ይህን ሕዝብ ከመናቁ የተነሣ ዜናውን ፊት ገጹ ላይ ያወጣው ከሁለት ቀን በኋላ ነው አሉ ኮልተር። ጋዜጣው ፊት ገጹ ላይ ያወጣው በማግስቱ፣ የካቲት 19 ነበር። ይህን ለማረጋገጥ የዚያን ቀን ጋዜጣ ከመክፈት በቀር የሚያስፈልግ ምርምር አልነበረም። ስህተቱ በኋለኛው እትም ታረመ፤ እስከዚያ ግን መጽሐፉ በገፍ ተሽጦ ነበር።

ፍርድ ቤት ቢሆን ምን ይሆን ነበር? ባላጋራው ጋዜጣውን ይዞ ይነሣል። «ይህን ገጽ ያዩታል? ቀኑን ያንብቡልኝ» ይላል። መስቀለኛው ጥያቄ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም፤ ከዚያ በኋላ ዳኛው ሌሎቹንም ማስረጃዎች በጥርጣሬ ያያል። በአሜሪካ የፌዴራል ፍርድ ቤት መሠረት የሌለው ነገር ሳያጣራ የፈረመ ጠበቃ ሊቀጣ ይችላል። ጠበቃው ጉዳዩን የሚጎዳ አስገዳጅ የሕግ ውሳኔ መኖሩን ካወቀ፣ ባላጋራው ባያነሣው እንኳ ለዳኛው የመግለጽ ግዴታ አለበት። ጥብቅናን ክቡር ሙያ የሚያደርጉት እነዚህ ልጓሞች ናቸው። ወገን ይዞ መከራከር በራሱ ነውር ሆኖ አያውቅም፤ ወንጀለኛም ቢሆን ጠበቃ ይገባዋል። ነውሩ ልጓሙን አውልቆ ማዕረጉን ይዞ መሄድ ነው።

የእኛ አባቶች ይህን አሳምረው ያውቁ ነበር። በላ ልበልሃ የሚሉት ሙግት የአንደበት ሙግት ነው፤ ግጥም ይደረደርበታል፣ ነገር በምሳሌ ይወረወርበታል፣ ባላጋራ ይሸነቆጥበታል። ተሰብሳቢው በተሟጋቹ አነጋገር ይደመም ነበር። ሆኖም ከሳሽና ተከሳሽ ልብስ ለልብስ ተቋጥረው፣ ቁራኛ ሆነው ነበር ወደ ዳኛ የሚሄዱት። ዋስ ይጠራሉ፣ ውርርድ ይገባሉ። ሹም በቅርብ ባይኖር መንገደኛው ተለምኖ በዛፍ ጥላ ሥር ዳኛ ይሆናል። ተሟጋቹ የቱንም ያህል ቢራቀቅ ባላጋራው አጠገቡ ነው፤ ቢረታም የሚከፍለው አለ። ኮልተር የሠሩበት መድረክ ከዚህ ሁሉ አንዱም የለውም። ቁራኛ የለም፣ ዋስ የለም፣ ተረትቶ መክፈል የለም፤ እንዲያውም የተረታ ሰው በሚቀጥለው ሳምንት የተሻለ ሰዓት ይሰጠዋል።

ስድባቸውን ብቻ ይዘው የሚከራከሩት ሰዎች ይህን ፈጽሞ አላዩም። ከመስከረም 11 ቀን 2001 ጥቃት በኋላ፣ ወዳጃቸው ባርባራ ኦልሰን በተጠለፈው አውሮፕላን ውስጥ በሞተችበት ሐዘን መካከል፣ የሙስሊሞችን አገሮች ወርሮ ሕዝቡን ክርስቲያን ማድረግን የሚያወሳ ጽሑፍ ጻፉ። ሐዘናቸውን አልንቅም፤ ጽሑፉ ግን ክፉ ነበር። ናሽናል ሪቪው መጽሔት አምዳቸውን አቋረጠ። በ2006 የጥቃቱን መበለቶች ዘለፉ፤ በ2007 ስለ አንድ የዴሞክራት ዕጩ በተናገሩት ቃል ጥቂት ጋዜጦች ተዉአቸው። በእነዚህ ሁሉ መካከል፣ በ2005፣ ታይም መጽሔት የሽፋን ገጹን ሰጣቸው። በስድቡ ላይ በተጮኸ ቁጥር ክሱ ሳይመረመር አለፈ። ክሱ ደግሞ እየገፋ ነበር።

ወዴት እንደገፋ ላሳይ። በነሐሴ 2010 ኮልተር በአምዳቸው አንድ የሕግ ክርክር አቀረቡ። በአሜሪካ ምድር የተወለደ ልጅ፣ ወላጆቹ ያለ ፈቃድ የገቡ ቢሆኑም ዜጋ ነው የሚለው አረዳድ ከሕገ መንግሥቱ የመጣ ሳይሆን የጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኛ ዊልያም ብሬናን በ1982ቱ የፕላይለር መዝገብ ላይ በግርጌ ማስታወሻ ያስገቡት ነው አሉ። እዚህ ላይ ስድብ ቢኖርም ዋናው ነገር የጠበቃ ክርክር ነው፤ መዝገብ ይጠቅሳል፣ ዓመተ ምሕረት ይጠቅሳል፣ ሐሳቡ ሊፈተሽ ይችላል። ጠንካራ መልስም አለው፤ በ1868 የጸደቀው አሥራ አራተኛው ማሻሻያ ቃሉ ሰፊ ነው፤ በ1898 ደግሞ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በዎንግ ኪም አርክ መዝገብ ሳንፍራንሲስኮ ለተወለደው የቻይናውያን ልጅ ፈርዷል። ይህን መልስ በተራው ሰው ቋንቋ፣ በዚያው ጉልበት፣ በዚያው መድረክ ይዞ የወጣ ስንት ነበር? ብዙኃኑ ከንፈሩን መጥጦ አለፈ። በነሐሴ 2015 የትራምፕ የኢሚግሬሽን ሰነድ ይህንኑ የዜግነት መብት እሽራለሁ አለ፤ ኮልተርም ሰነዱን ከማግና ካርታ ጋር አወዳደሩት። በጥር 20 ቀን 2025 ሐሳቡ የፕሬዚዳንት ትእዛዝ ሆኖ ተፈረመ።

ከሦስት ቀን በኋላ፣ ጥር 23፣ በሲያትል አንድ የፌዴራል ዳኛ፣ ያውም ሮናልድ ሬገን የሾሟቸው፣ ሕገ መንግሥቱን በግልጽ ይጥሳል ብለው ለጊዜው አገዱት። አሥራ አምስት ዓመት በአምድና በስቱዲዮ ያለ ፈታኝ የኖረ ክርክር ባላጋራና ዳኛ ፊት ሲቆም የገጠመው ይህ ነው። ከዚያ ወዲያ ጉዳዩ በየፍርድ ቤቱ ቀጠለ።

ትእዛዙ ያለ ፈቃድ የገቡትን ብቻ የሚመለከት የሚመስላቸው ወገኖች አሉ። ተሳስተዋል። አባትየው ዜጋ ወይም ግሪን ካርድ ያዥ ካልሆነ፣ በተማሪ ወይም በጊዜያዊ የሥራ ቪዛ ያለች እናት የምትወልደውንም ልጅ ይጨምራል። ይህም ማለት ከአዲስ አበባ ለዶክትሬት ሄደው በዚያው ትዳር የያዙ ሁለት ተማሪዎች ሲልቨር ስፕሪንግ ሆስፒታል የሚወልዱት ልጅ ነው። ኮልተር በሴኔት ሳሉ የሠሩበት የማባረር ጉዳይም በ1996 በወጡት ሕጎች ውስጥ አለ። በእነዚያ ሕጎች መሠረት በስርቆት የአንድ ዓመት እስራት የተፈረደበት ግሪን ካርድ ያዥ፣ ቅጣቱ ታግዶለት አንድ ቀን እስር ቤት ባያድር እንኳ፣ ሊባረር ይችላል። እነ ኮልተር መሳቂያ ናቸው ብለን ስናልፍ የእኛ ልጆች ስም ያለበት ክስ እየተጻፈ ነበር።

አንድ ተገቢ ተቃውሞ አለ፤ «ኮልተር ቢያንስ አቋም አላቸው» የሚል። እውነት ነው። ትራምፕ በመጀመሪያው ዘመናቸው ቃል የገቡትን የድንበር ግንብ ሳይሠሩ ሲቀሩ፣ ኮልተር በታኅሣሥ 2018 ወኔ ቢስ ብለው ጻፉባቸው፤ መንግሥት ለ35 ቀናት በተዘጋበት ወቅትም አለቀቋቸውም። ለሰው አላደሩም፤ ይህን እመሰክራለሁ። ግን የቆሙለት ዓላማ ምን እንደሆነ በግንቦት 2024 ራሳቸው አጋለጡት። ለፕሬዚዳንትነት የተወዳደሩት ቪቬክ ራማስዋሚ፣ በኦሃዮ ተወልደው ያደጉ፣ ከየል የሕግ ትምህርት ቤት የተመረቁ ሰው ናቸው፤ በፖሊሲ ከኮልተር ጋር በብዙ ይስማማሉ። ኮልተር በራሳቸው በራማስዋሚ ዝግጅት ላይ ተጋብዘው፣ ሕንዳዊ ስለሆኑ እንደማይመርጧቸው ፊት ለፊት ነገሯቸው። ስለ ሕግ መከበር፣ ስለ ወንጀል፣ ስለ ደመወዝ ሲባል የኖረው ሁሉ ሲገፈፍ የቀረው የዘር ጉዳይ ነበር። በችሎት እንዲህ ያለ ቃል ከተሟጋች አፍ ሲወጣ የእምነት ቃል ተብሎ መዝገብ ላይ ይሰፍራል። እዚህ ግን በሁለተኛው ቀን ወሬው ተረሳ።

ስለ ራሳችንም አንድ ነገር ልበል። በአማርኛ በሚተላለፉት የዩቲዩብ ጣቢያዎች ላይ ከእንግዳው ስም ሥር «የሕግ ባለሙያና የፖለቲካ ተንታኝ» የሚለው ጽሑፍ እየበዛ ነው። ሕግ የተማረ ሰው ፖለቲካ አይናገር አልልም፤ ይናገር። ነገር ግን አድማጩ «ሕግ ያውቃል፤ ስለዚህ የሚለው የተጣራ ነው» ብሎ ሲቀበል፣ ጠበቃ ማስረጃን ለወገኑ በሚመች መንገድ እንዲደረድር የሠለጠነ ሰው መሆኑን ይረሳል። የጥብቅና ፈቃዱ ችሎት ለመቆም የተሰጠ ነው፤ ስቱዲዮ ውስጥ ዳኛ አይሆንበትም። አዘጋጆቹ ቢያንስ ከባላጋራው ወገን አንድ ሰው አጠገቡ ያስቀምጡ፤ ካልሆነ ደግሞ የሚጎዳውን ማስረጃ ይዘው ራሳቸው ይጠይቁት።

በአሜሪካ የሕግ ትምህርት የተማራችሁ፣ በመማርም ላይ ያላችሁ ወጣቶቻችን፦ በ2015 የወጣውን የኮልተርን «አዲዮስ አሜሪካ» ከቤተ መጻሕፍት አውጡ። በእናንተ ቤተሰቦች ላይ የቀረበ ክስ ነውና እንደ ባላጋራ ጠበቃ አንብቡት። የግርጌ ማስታወሻዎቹን አንድ በአንድ ክፈቱ፤ የተጠቀሰውን ሪፖርት ፈልጋችሁ አመሳክሩ። ትክክል የሆነውን ትክክል ነው በሉ። የተሳሳተውን ገጹን ጠቅሳችሁ፣ በእንግሊዝኛም በአማርኛም ጽፋችሁ፣ በስማችሁ አውጡት።